የልውውጥ ተማሪ በሙኒክ ክፍል የሚያገኝበት መንገድ፦ ከማመልከቻው እስከ ማስያዣው መመለስ

የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የልውውጥ ተማሪን ሲቀበል የመማሪያ ወንበር ይሰጠዋል እንጂ አልጋ አይሰጠውም። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ዶርም ሲመደብለት እያየ ላደገ ሰው ይህ ለማመን ይከብዳል። ጀርመን ውስጥ ምደባ የሚባል ነገር የለም፤ ማደሪያን ተማሪው ራሱ ይፈልጋል። ሙኒክ ደግሞ በኪራይ ውድነት ከጀርመን ከተሞች ሁሉ ፊት የምትጠቀስ ናት፤ በጋራ ቤት ውስጥ ያለ አንድ ክፍል በወር ከ700 ዩሮ በላይ ሲጠየቅበት ማንም አይደነግጥም።

መመሪያው የተጻፈው ለአንድ ወይም ለሁለት ሴሚስተር ወደ ሙኒክ ለሚሄድ ተማሪ ነው። አብዛኛው ነገር ለበርሊን፣ ለፍራንክፈርትና ለላይፕዚግም ይሠራል። የኪራይ ሕጉ አንድ ነው፤ የሚለየው ዋጋውና ሽሚያው ነው።

የቀረው ሁሉ የሚያርፍበትን ነገር ላስቀድም። ለአጭር ጊዜ መሄድ ክፍል ለማግኘት እንቅፋት ይመስላል፤ ብዙ ተማሪም «ለአምስት ወር ማን ያከራየኛል?» እያለ ይጨነቃል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እናንተ ወደ ሙኒክ በምትገቡበት ሴሚስተር የሙኒክ ተማሪዎችም ለልውውጥ ወደ ሊዝበን፣ ወደ ስቶክሆልም፣ ወደ ሴኡል ይወጣሉ። ሲመለሱ እንደ አዲስ መንከራተት ስለማይፈልጉ ክፍላቸውን አይለቁም፤ ባዶ ክፍል እየከፈሉ መቀመጥም አቅማቸው አይፈቅድም። ስለዚህ ክፍሉን ከነአልጋው፣ ከነጠረጴዛው ለአምስት ወይም ለስድስት ወር የሚረከባቸው ሰው ይፈልጋሉ። ቋሚ ማደሪያ የሚፈልገው ብዙኃኑ እነዚህን ማስታወቂያዎች ዘሏቸው ያልፋል። ለእናንተ ግን በልክ የተሰፉ ናቸው።

1. ቀኑን መቁጠር

በጀርመን አንዱ ሴሚስተር ኦክቶበር 1፣ ሌላው ኤፕሪል 1 ቀን ይጀምራል፤ ትምህርቱ የሚከፈተው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። አዲስ ተማሪ በብዛት የሚጎርፈው በኦክቶበር በመሆኑ ሽሚያው የሚበረታውም ያኔ ነው። የመምረጥ ዕድል ካላችሁ በኤፕሪል ሂዱ፤ ከተማዋ ያችው ናት፣ ፈላጊው ግን ያነሰ ነው።

ኦክቶበር ላይ የምትገቡ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። ኦክቶበርፌስት የተባለው የቢራ በዓል በስሙ አትታለሉ፤ የሚጀምረው በሴፕቴምበር አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው፤ የሚያበቃውም ብዙውን ጊዜ በኦክቶበር የመጀመሪያው እሑድ። እኛ ደመራ በምንለኩስበት ሰሞን ሙኒክ በሚሊዮኖች የሚቆጠር እንግዳ እያስተናገደች ነው። በእነዚያ ቀናት በሆስቴል ስምንት ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ያለች አንዲት አልጋ እንኳ በሌላ ጊዜ ደህና ሆቴል በሚያስይዝ ዋጋ ትሸጣለች። ቋሚ ክፍል ሳትይዙ ለመድረስ ከተገደዳችሁ ወይ ጊዜያዊ ማረፊያችሁን አስቀድማችሁ፣ በጁን ላይ ያዙ፤ ወይ በረራችሁን ከበዓሉ ማብቂያ በኋላ አድርጉት።

ለኦክቶበር የሚሄድ ሰው ለዶርም የሚያመለክተው ከሜይ እስከ ጁላይ ባለው ጊዜ ነው። ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዓይኑን ወደ ጊዜያዊ ክፍሎች ያዞራል፤ እነዚህ ማስታወቂያዎች የሚበዙት መግቢያው ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ነው። ለኤፕሪል ተጓዥ ይኸው ሥራ ከኖቬምበር እስከ ማርች ይካሄዳል።

2. ገንዘቡን ማስላት

የጀርመን የተማሪ ቪዛ ለማግኘት በራሳቸው ወጪ የሚሄዱ ተማሪዎች በዝግ የባንክ ሂሳብ ገንዘብ ማስቀመጥ አለባቸው። መጠኑ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ይህ ገንዘብ የእናንተ ቢሆንም እንደፈለጋችሁ አታወጡትም፤ በየወሩ የሚለቀቀው 992 ዩሮ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ድርሻ የሚለቀቀውም ጀርመን ገብታችሁ መደበኛ የባንክ ሂሳብ ከከፈታችሁ በኋላ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ወር አስሉት። ክፍሉ ያለ ማሞቂያና ያለ ውኃ 450 ዩሮ፣ ሁሉንም ጨምሮ 550 ዩሮ ነው እንበል። ጀርመኖች የመጀመሪያውን ካልትሚተ፣ ሁለተኛውን ቫርምሚተ ይሉታል፤ በየወሩ ከኪሳችሁ የሚወጣው ሁለተኛው ነው። አከራዩ በማስያዣነት ሊጠይቅ የሚችለው በሕግ ከሦስት ወር ካልትሚተ አይበልጥም፤ ማለትም 1,350 ዩሮ። የመጀመሪያው ወር ኪራይ ሲጨመርበት 1,900 ዩሮ ይሆናል። ከዝግ ሂሳቡ የሚለቀቅላችሁ ደግሞ 992 ዩሮ ነው።

ሕጉ እዚህ ላይ ለተከራይ ያደላል፤ ብዙ የውጭ ተማሪ ግን አያውቀውም። ማስያዣውን በሦስት እኩል ወርኃዊ ክፍያዎች የመክፈል መብት አላችሁ፤ የመጀመሪያው ኪራዩ ሲጀምር፣ ሁለቱ ከቀጣዮቹ ሁለት ወራት ኪራይ ጋር። በምሳሌያችን መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ 450 እና 550፣ በድምሩ 1,000 ዩሮ ይሆናል። «ሙሉውን ካልከፈልክ ቁልፍ የለም» የሚል አከራይ ሲገጥማችሁ በትሕትና ሕጉን አንሱለት። ቢሆንም ከዝግ ሂሳቡ ውጭ ቢያንስ ይህን ያህል ገንዘብ በእጅ መኖር አለበት። የውጭ ምንዛሪውን በባንክ በኩል ለማግኘት ጊዜ ስለሚወስድ ቪዛው እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ባንካችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሌላዋ ትንሽ ወጪ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚዋጣው የብሮድካስት ክፍያ ናት፤ በወር 18.36 ዩሮ። የምትከፈለው በሰው ሳይሆን በቤት ነው፤ አራት ሆናችሁ አንድ ቤት ብትኖሩ አንዱ ይከፍልና ለአራት ትካፈላላችሁ። የክፍላችሁ በር በቀጥታ ወደ ጋራ ኮሪደር በሚከፈትበት ዶርም ግን ክፍላችሁ እንደ አንድ ቤት ሊቆጠር ይችላል። ቴሌቪዥን የለኝም ማለት አያድንም።

3. ዶርም፦ ሁለቱን በሮች ማንኳኳት

በሙኒክ የተማሪ መኖሪያዎችን በብዛት የሚያስተዳድረው ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ሽቱዲረንደንቬርክ የተባለ የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት ነው። ኪራዩ ከግሉ ገበያ በእጅጉ ይረክሳል፤ ብዙዎቹ ክፍሎች ከ300 እስከ 450 ዩሮ ባለው መካከል ይገኛሉ። ስለዚህም ወረፋው ረጅም ነው፤ በመደበኛው መንገድ ያመለከተ ተማሪ ሴሚስተሮችን ሊጠብቅ ይችላል።

የልውውጥ ተማሪ ግን ሌላ በር አለው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለልውውጥ ተማሪዎች የተያዙ ጥቂት ክፍሎች አሏቸው፤ የሚደለደሉትም በዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮው በኩል ነው። የእናት ዩኒቨርሲቲያችሁ ስማችሁን ለሙኒኩ እንዳስተላለፈ ለዚህ ቢሮ ጻፉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተያዘ ክፍል አለ ወይ? ማመልከቻው መቼ ይዘጋል? የማመልከቻ ቅጹ ከመግቢያ ምዝገባው ጋር አንድ ነው ወይስ የተለየ? ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሆኖም የትምህርት ቅጹን ሞልቶ የማደሪያውም አብሮ ያለቀ የሚመስለው ተማሪ ጥቂት አይደለም።

በዚህ በር ክፍል ከተሰጣችሁ ያለ ማማረጥ ተቀበሉ። ሰፈሩን አልወደድኩትም፣ ማእድ ቤቱ የጋራ ነው እያሉ መመለስ ለሙኒክ አይሆንም። ስመ ጥር የሆኑት ሁለቱ መንደሮች በሰሜን በኩል ይገኛሉ። አንዱ በፍራይማን ያለው ሽቱደንተንሽታት ነው፤ በጀርመን ከታላላቆቹ የተማሪ መንደሮች ይቆጠራል። ሁለተኛው በ1972ቱ ኦሊምፒክ ሴት አትሌቶች ያረፉበት የኦሊምፒክ መንደር ሲሆን፣ በኋላ እንደ አዲስ የተሠሩት ትንንሽ ባለ ሁለት ደረጃ ቤቶቹን ተማሪዎች በገዛ እጃቸው ቀለም ቀብተው አሸብርቀዋቸዋል።

የካቶሊክና የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የሚያስተዳድሯቸው ዶርሞችም አሉ። ማመልከቻቸው ለየብቻ ነው፤ የእምነቱ ተከታይ መሆንን ብዙዎቹ አይጠይቁም። ከእነዚህ ውጭ የግል ኩባንያዎች ያቋቋሟቸው ዕቃ የተሟላላቸው ክፍሎች አሉ። ፈጣን ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን የ992 ዩሮውን አብዛኛውን ይውጠዋል።

በጣም በረከሰ ዋጋ፣ ሰፊ ግቢ ባለው አሮጌ ቪላ ውስጥ፣ «ለወንድ ተማሪዎች ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ቆም በሉ። ብዙውን ጊዜ የተማሪ ወንድማማችነት ማኅበር ቤት ነው፤ ከኪራዩ ጋር አባልነት ይጠበቃል፤ ከእነርሱም መካከል ለባዕድ ጥላቻ የቀረበ አመለካከት ያላቸው አሉ። ጠይቁ፣ ስለ ማኅበሩ አንብቡ፣ ከዚያ ወስኑ።

4. ጊዜያዊ ክፍል ማደን

የልውውጥ ተማሪ ዋና ተስፋ እዚህ ላይ ነው። ጀርመኖች ትስቪሽንሚተ ይሉታል፤ ቋሚው ተከራይ ለተወሰነ ጊዜ ሲወጣ ክፍሉን ለሌላ የሚያስተላልፍበት ኪራይ ነው። ዋናው ገበያ ቬጌ-ገዙኽት የተባለው ድረ ገጽ ነው። ቬጌ የሚሉት ጥቂት ሰዎች እየተጋሩ የሚኖሩበትን ቤት ነው። መፈለጊያው ላይ «ለተወሰነ ጊዜ» የሚለውን ምረጡና የመግቢያና የመውጫ ቀኑን ሙሉ፤ ዝርዝሩ ያጥራል፤ በእጃችሁ የሚቀረው ግን ለእናንተ የሚሆነው ነው።

ከድረ ገጹ ባሻገር ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ከሙኒክ ወደ እናንተው ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተማሪ መኖሩን ማጣራት ነው፤ ልውውጥ የሁለትዮሽ ስለሆነ እርሱ የለቀቀውን ክፍል እናንተ ልትይዙት፣ እናንተም በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ቤት ልታፈላልጉለት ትችላላችሁ። ሁለተኛው ከእናንተ በፊት የሄደውን ተማሪ መጠየቅ ነው፤ እርሱ የኖረበት ቤት ለውጭ ተማሪ ማከራየትን የለመደ ነው። ሦስተኛው የልውውጥ ተማሪዎችን የሚያግዘው የተማሪዎች ማኅበር፣ የኢራስመስ ስቱደንት ኔትወርክ የአካባቢ ቡድኖችና የዩኒቨርሲቲው አጋር ተማሪ መርሐ ግብር ናቸው። በሙኒክ የሚኖር ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ካላችሁ ደግሞ ክፍል እንዲሰጣችሁ ከመጠየቅ ይልቅ ክፍል ሄዶ እንዲያይላችሁ ጠይቁት። ሁለተኛው ውለታ ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ይበልጣል።

ሰፈር ስትመርጡ ካርታውን ትታችሁ የባቡር መስመሩን ተመልከቱ። የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍሎች በመሃል ከተማ፣ በጋርሺንግና በፍራይዚንግ ተበትነዋል። ዩ 6 የተባለው የምድር ባቡር ከጋርሺንግ የምርምር ማእከል ተነሥቶ፣ በሽቱደንተንሽታት አልፎ፣ የሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ ዋና ሕንጻ ደጃፍ ቆሞ፣ እስከ ግሮስሃደርን ሆስፒታል ይዘልቃል። በዚህ መስመር ዳር ያለ ክፍል ለአብዛኛው ተማሪ ይመቻል። ትምህርታችሁ ፍራይዚንግ ከሆነ በሙኒክ መሃል መኖር ትርጉም የለውም። በክልል ባቡር ሁሉ የሚያስኬደው የዶይችላንድ ቲኬት ከመጣ ወዲህ እንደ ዳካው፣ ፍራይዚንግና አውግስቡርግ ያሉ ከተሞችም ወደ ፍለጋው ገብተዋል፤ የተራዘመውን መንገድ መታገሥ ለሚችል ኪራዩ ይቀንስለታል።

ጀርመንኛ ጥቂት ለሚችል ደግሞ «መኖሪያ በእገዛ ፈንታ» የሚባል መርሐ ግብር አለ። አረጋውያን ወይም ቤተሰቦች ትርፍ ክፍላቸውን ለተማሪ ይሰጣሉ፤ ተማሪው በካሬ ሜትር በወር አንድ ሰዓት ያግዛቸዋል። 15 ካሬ ሜትር ላይ የሚኖር በወር 15 ሰዓት ገበያ ይሄዳል፣ አትክልት ያጠጣል፣ ያጫውታል ማለት ነው። ከኪራይ ይልቅ የውኃና የመብራት ወጪውን ብቻ ይከፍላል።

5. መልእክቱና የቪዲዮ ቃለ ምልልሱ

ለአንድ ጥሩ ክፍል በመጀመሪያው ቀን ብቻ መልእክት ይጎርፋል። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «ክፍሉ አሁንም አለ? በጣም ፍላጎት አለኝ።» እንዲህ ያለው መልስ አያገኝም። አንዳንድ አከራዮች ማስታወቂያቸውን እስከ መጨረሻው ያነበበውን ለመለየት «ርዕሱ ላይ አናናስ ብለህ ጻፍ» የሚል ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ይሸጉጣሉ፤ አናናስ የሌለበትን ሳይከፍቱ ይጥሉታል።

መልእክታችሁን በጀርመንኛ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ጀምሩና በእንግሊዝኛ ቀጥሉ። ይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሰላም ለሁላችሁ። የውኃ ምሕንድስና ተማሪ ነኝ፤ ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 ለልውውጥ ሙኒክ እሆናለሁ፤ የክፍሉ ቀን ከእኔ ጋር ገጥሟል። እሑድ እሑድ አብራችሁ እንደምታበስሉ አነበብኩ፤ በወር አንዱን እሑድ ሽሮና ጎመን የመሥራት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። ማታ አነባለሁ፣ አላጨስም፣ የጋራ ማእድ ቤት ከታናናሾቼ ጋር ስጋራ ነው ያደግሁት። የመቀበያ ደብዳቤዬና የገንዘብ ማረጋገጫዬ ዝግጁ ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ መገናኘት እችላለሁ።»

ቀኑ አለ፤ ማስታወቂያው መነበቡ ይታያል፤ ገንዘቡ ተጠቅሷል፤ ቀጠሮውም ቀርቧል። ስለ ምሳው የተባለው ቀልድ አይደለም፤ ጀርመናውያን ተማሪዎች ከሕይወት ታሪካችሁ ይልቅ አብሯችሁ መኖር ምን እንደሚመስል ማወቅ ይፈልጋሉ።

በቪዲዮው ላይ ሦስት ወይም አራት የቤቱ ነዋሪዎች ሊቀመጡ ይችላሉ፤ የሚመርጡትም ተስማምተው ነው። ይሉኝታ እዚህ አይጠቅምም። አንገት ደፍቶ የተጠየቀውን ብቻ መመለስ እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን ክፍሉን እንዳልፈለጋችሁት ይቆጠራል። እናንተም ጠይቁ፦ ጽዳቱ በተራ ነው? እንግዳ ማሳደር ይቻላል? ማን ስንት ሰዓት ይተኛል? የሚሸት ምግብ ታበስላላችሁ ብለው ቢጠይቁ አትደብቁ፤ ቁሌቱ ሲጀመር መታወቁ አይቀርም። ስታበስሉ መስኮት እንደምትከፍቱ መንገር ይበቃል።

አከራዮች የሚጠይቁት ሹፋ የተባለ የብድር ታሪክ ማስረጃ አለ። ገና ወደ ጀርመን የሚገባ ሰው ይህ አይኖረውም፤ የላችሁም ተብሎ አያስነውርም። በምትኩ የመቀበያ ደብዳቤ፣ የዝግ ሂሳብ ወይም የስኮላርሺፕ ማረጋገጫና የፓስፖርት ቅጂ ቁጥሩን ሸፍናችሁ አቅርቡ።

6. አጭበርባሪውን ማወቅ

የአጭበርባሪው ታሪክ ስለማይለዋወጥ ማወቁ ቀላል ነው። ክፍሉ መሃል ሙኒክ ነው፤ ፎቶው ያማረ ነው፤ ዋጋው 400 ዩሮ ነው። ባለቤቱ ለሥራ ወደ ለንደን ወይም ወደ ማድሪድ ሄዷል፣ ስለዚህ ማሳየት አይችልም። የፓስፖርቱን ፎቶ ሳትጠይቁት ይልክላችኋል፤ ፓስፖርቱ ከሌላ ተጠቂ የተወሰደ ነው። ከዚያ የማስያዣውንና የአንድ ወር ኪራዩን ላኩ፣ ቁልፉ በፖስታ ይደርሳችኋል ይላል፤ ወይም የታወቀ የማረፊያ ማስያዣ ድረ ገጽ የሚመስል አስመሳይ ማስፈንጠሪያ ይልካል። የእውነተኛ አከራይ ችግር ፈላጊ መብዛቱ ነው፤ ገንዘብ ላኩልኝ ብሎ አያሳድዳችሁም።

ውል ሳይፈረምና ክፍሉን እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው ሳያየው ገንዘብ አይላክም። ማንም ሄዶ ሊያይ ካልቻለ በቀጥታ ቪዲዮ ላይ አከራዩ ከመንገዱ ጀምሮ፣ የሕንጻውን ቁጥርና በደወሉ ላይ ያለውን ስም እያሳየ ወደ ክፍሉ እንዲገባ ጠይቁት። እውነተኛው ይስቅ ይሆናል እንጂ እንቢ አይልም። ፎቶዎቹን በምስል መፈለጊያ አስገብታችሁ ሌላ ከተማ ውስጥ በሌላ ማስታወቂያ ላይ መኖራቸውን አጣሩ። በጥሬ ገንዘብ ማስተላለፊያ በኩል ክፈሉ የሚል ካለ ንግግሩን እዚያው ዝጉት። ክፍል ለማሳየት ክፍያ መጠየቅም ጤናማ አይደለም፤ ደላላውን ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የሚከፍለው የቀጠረው ወገን ነው፤ በአከራይ የተቀጠረ ደላላ እናንተን ኮሚሽን ሊጠይቃችሁ አይችልም።

7. ውሉን ማንበብ

ጊዜያዊ ክፍል ስትይዙ ጠይቁ፦ ዋናው አከራይ ፈቅዷል? ያለ እርሱ ፈቃድ የተላለፈ ክፍል ቋሚውን ተከራይ ውሉን ሊያሳጣው ይችላል፤ እናንተም አብራችሁ ትወጣላችሁ። ፈቃዱ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። በዶርም ክፍል ከሆነ የአስተዳደሩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ መውጫውን ተመልከቱ። የጊዜ ገደብ ያለው ውል እንደ ደንቡ ከቀኑ በፊት አይቋረጥም፤ ፈተናችሁ በፌብሩዋሪ ቢያልቅና ውሉ እስከ ማርች 31 ቢሆን የማርቹን ትከፍላላችሁ። ገደብ የሌለው ውል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል፤ ለማቋረጥ በወረቀት ላይ የተፈረመ ደብዳቤ እንጂ ኢሜይል አይበቃም። የቪዛ መዘግየት የሚያሰጋችሁ ከሆነ «ቪዛ ካልተገኘ ውሉ ይቀራል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲገባ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከፈረማችሁ በኋላ ልመና ብቻ ነው የሚቀረው።

የመጨረሻው ጥያቄ የነዋሪነት ምዝገባ ነው። ማስታወቂያው «ምዝገባ አይቻልም» የሚል ከሆነ ዋጋው ቢያጓጓም ተዉት።

8. ቁልፍ መረከብና መመዝገብ

ስትገቡ ከአከራዩ ጋር ክፍሉን ዞራችሁ የርክክብ ቃለ ጉባኤ ጻፉ፦ በጠረጴዛው ላይ ያለው ጭረት፣ በግድግዳው ያለው ቀዳዳ፣ የቆጣሪው ቁጥር፣ የቁልፎቹ ብዛት። ሁሉንም ፎቶ አንሡ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። ቁልፉን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ፤ የሕንጻው ቁልፍ ከጠፋ ሙሉ የመቆለፊያ ሥርዓቱን የማስቀየር ወጪ ሊጠየቅ ይችላል። በወር ጥቂት ዩሮ የሚከፈልበትን የኃላፊነት መድን ስትገቡ የቁልፍ መጥፋትን መሸፈኑን ጠይቁ። የጀርመን በሮች ከውጭ በኩል ብዙውን ጊዜ የማይዞር እንቡጥ እንጂ እጀታ የላቸውም። ቆሻሻ ልትጥሉ ወጣ ስትሉ በሩ ከኋላችሁ ጠቅ ብሎ ከተዘጋ፣ ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ፣ በእኩለ ሌሊት ለሚመጣ በር ከፋች የምትከፍሉት ገንዘብ የወሩን አስቤዛ ያስረሳል።

ከገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንሜልዱንግ የሚባለውን ምዝገባ መፈጸም ግዴታ ነው። እኛ ቀበሌ እንደምንመዘገበው ነው፤ በሙኒክ የሚከናወነው በከተማው የነዋሪዎች አገልግሎት ቢሮዎች ነው። ቀጠሮ በኢንተርኔት ይያዛል፤ ገና ሳትጓዙ መፈለግ ጀምሩ። ቀጠሮው ቢርቅባችሁ በጊዜ መያዛችሁን የሚያሳየውን ማረጋገጫ አስቀምጡ። ይዛችሁ የምትሄዱት ፓስፖርት፣ የምዝገባ ቅጽና አከራዩ የፈረመበት ቮኑንግስጌበርቤሽቴቲጉንግ የተባለ ወረቀት ነው። ይህን ወረቀት የኪራይ ውሉ አይተካውም። ጊዜያዊ ክፍል የያዘ ሰው ደግሞ ክፍሉን ያስተላለፈለት ቋሚ ተከራይ ይፈርምለታል፤ ስለዚህ ሰውዬው ለልውውጡ ከመብረሩ በፊት አስፈርሙት። የማትኖሩበትን አድራሻ በውለታ ወይም በገንዘብ መመዝገብ ከባድ ቅጣት ያስከትላል።

ያለዚህ ምዝገባ የግብር መለያ ቁጥር አይመጣም፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ይጓተታል።

እዚህ ላይ የእኛን ስም የሚመለከት ነገር አለ። የጀርመን ቤቶች ብዙውን ጊዜ የክፍል ቁጥር የላቸውም፤ ፖስተኛው የሚያድለው በፖስታ ሣጥኑ ላይ በተጻፈው ስም ነው። በፓስፖርታችን የአባትና የአያት ስም ሁለቱም በቤተሰብ ስም ቦታ የገቡ ከሆነ ከባንክና ከመንግሥት የሚመጣው ደብዳቤ በእነዚያ ይጻፋል። በሣጥኑ ላይ የራሳችሁን መጠሪያ ብቻ ከለጠፋችሁ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል፤ የባንክ ካርዱም አብሮ። በፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም በላቲን ፊደል አንድም ሳትቀይሩ፣ በገባችሁበት ቀን ለጥፉ።

9. ሲኖሩበት

ከማታው አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጸጥታ ነው። በጀርመን የብርድ ወራት መስኮትን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ማናፈስ የተለመደ ግዴታ ነው፤ በግድግዳ ላይ ሻጋታ ከታየ ጥፋቱ የእናንተ ይባላል። ቆሻሻም በየዓይነቱ ይለያል፤ ይህን የቤቱ ልጆች በአንድ ቀን ያስተምሯችኋል።

ቡና መቁላት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮርኒስ ላይ ያለው ጭስ ጠቋሚ የቡናን ጭስ ከእሳት አደጋ አይለይም። በትልልቅ ዶርሞች ጠቋሚው ከሕንጻው ማስጠንቀቂያ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነዋሪ በፒጃማ ደጅ ይወጣል፣ የእሳት አደጋ መኪና ይደርሳል፣ ሒሳቡም ለቡና አፍይው ሊላክ ይችላል። ቡናውን ተቆልቶ የመጣውን አፍሉ፤ ዕጣንም ከፈለጋችሁ በረንዳ ላይ።

10. መውጣትና ማስያዣውን ማስመለስ

ከመውጣታችሁ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ለርክክብ ቀጠሮ ያዙ። በገባችሁበት ቀን የጻፋችሁትን ቃለ ጉባኤና ፎቶ ይዛችሁ ክፍሉን ከአከራዩ ጋር ዙሩ፤ አዲስ ጉዳት እንደሌለ አስፈርሙ። አከራዩ የዓመቱ የማሞቂያና የውኃ ሒሳብ ገና ካልተዘጋ ከማስያዣው የተወሰነውን ሊያቆይ ይችላል፤ ሙሉውን ለመያዝ ግን ምክንያት የለውም።

የነዋሪነት ስረዛ ከመውጫችሁ ሰባት ቀን በፊት ጀምሮ ይፈጸማል። የስረዛውን ወረቀት ይዛችሁ የብሮድካስት ክፍያውንም ለብቻው አሰርዙ፤ በራሱ አይቆምም። የባንክ ሂሳባችሁን ግን በመጨረሻው ሳምንት አትዝጉት። አንዳንድ አከራይ ማስያዣውን ወደ ጀርመን ሂሳብ ብቻ ነው የሚልከው፤ አንዳንዱ ወደ ኢትዮጵያ ለማስተላለፍ የሚወጣውን ክፍያ ይቀንሳል። ገንዘቡ በየትኛው ሂሳብ፣ እስከ መቼ እንደሚገባ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ሂሳቡን ክፍት አድርጋችሁ ውጡና ገንዘቡ ከገባ በኋላ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ዝጉት። ከማሸጋችሁ በፊት ግን ባንኩ ከውጭ አገር መዝጋትን ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ።